ከካሴቱ ሽፋን የቀረችው ተቀባይ

በመጀመሪያ በደሉን ልናገር። አንድ የአዲስ አበባ የሮክ ባንድ የፊልም ማጀቢያ ካሴት ሲያወጣ፣ ከእንግዳ ዘፋኞቹ ጋር የእኔን ስም ጽፎ የጎረቤቴን ተወው። ዘፈኑን የዘፈንነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ አውራጅ፣ እሷ ተቀባይ። ተቀባይ የሌለው አውራጅ ደግሞ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሠርግ ስላለ፣ ባንዱ የሙሽራ መሸኛ ዘፈን ፍለጋ እኛ ከተማ መካነ ሰላም ድረስ መጣ። የጊታር መቺው ጸጉር ትከሻው ላይ ተኝቷል። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ እሱን ሲያይ ዋለ።

የቀበሌውን አዳራሽ መስኮቶች በእኛ ጋቢና ብርድ ልብስ ሸፈኑ፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አሉ። ከበሮ የሚሉት ነገር የድስት ክምር ይመስላል። ሲመቱት ጆሮዬን ይዤ ልወጣ ስል ጎረቤቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«አብሽሪ እታለም! በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዘፍን የለም ወይ? ወላሂ ያው ነው።»

ተመለስኩ። ማይኩ ፊት ቆሜ አወረድኩ፦

«ሸኘናት ሸኘናት ወንዝ ተሻገረች፣»

እሷም ወዲያው ተቀበለች፦

«ነፍሷ ግን ከናቷ ጓዳ ውስጥ ቀረች።»

ይህን ስንኝ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እዚያው ቆማ ያመጣችው ነው። የጊታር መቺው እጅ ክሩ ላይ ቀረ፤ ሌሎቹም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ካሴቱ ላይ አሁንም አለ።

ምሳ እኔ ቤት በሉ። የገብስ ቂጣ በአይብ አቀረብኩ። ጊታር መቺው «ጠግቤያለሁ» አለ፣ ደግሞ «ኧረ ይብቃኝ» አለ፣ በሦስተኛው ልመና ሌማቱን ባዶ አደረገው። ያሳደገችውን እናት በሆዴ መረቅኋት። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ስማችንን ጠየቀ። እኔ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ተናገርኩ። ጎረቤቴ ግን «ተወው ልጄ፣ የእኔ ስም ምን ያደርግላችኋል» አለች። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ካሴቱ ከወራት በኋላ በአውቶቡስ መጣ። መሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ያህል፣ ሽፋኑን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የእኔ ስም አለ፤ የእሷ የለም። ደግሜ አነበብኩ፤ አሁንም የለም። የወረኢሉ መስመር ሾፌሮች ዘፈኑን ቀንም ማታም ያጫውቱታል። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያንጎራጉረው የእሷን ስንኝ ነው፤ የሚያመሰግነው ግን እኔን ነው።

«ነፍሷ ከናቷ ጓዳ የቀረችዋን የዘፈኑት እርስዎ ነዎት?» ይሉኛል።

«አይደለሁም!» እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ይኼ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

በሚቀጥለው ሠርግ እኔ ሳወርድ ጎረቤቴ ሳትቀበለኝ የቀሚሷን ጠርዝ ታያለች። «ጉሮሮዬን ይዞኛል» አለች። በሦስት ሠርግ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ያዛት፤ ቅዳሜ ጎመን ስትሸጥ ግን ድምጿ ከገበያው ማዶ ይሰማል። ሌሎች ሴቶች ሊቀበሉኝ ሞከሩ፤ ዘፈኑ ወደቀ። እኔም ማውረዱን ተውኩት። ሠላሳ ዓመት አብረን የዘፈንን ሰዎች በአጥር በኩል «እንዴት አደርሽ» ብቻ ተባብለን መለያየት ጀመርን።

ለባንዱ በሾፌር እጅ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ። መልስ የለም። በኋላ ግን ፊልሙ በዚያው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ሊታይ ጊታር መቺው ራሱ ይዞት መጣ። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። ጎረቤቴን ጎትቼ አመጣኋትና፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ተነሣሁ።

«ፊልሙ አይጀመርም! የዚህች ሴት ስም የት ሄደ?»

ጊታር መቺው ደነገጠ። «እማማ፣ ጠይቀናቸው እኮ ነበር። ‹ተወው› አሉን።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅህ?»

«አንድ ጊዜ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እኔ ቤት ቂጣ ሲቀርብልህ በስንተኛው ልመና በላህ?»

ጸጉሩን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በሰው መካከል እየተሽሎከለከ ወደ እሷ መጣና አጎነበሰ። «እናቴ፣ ሽፋኑ እንደገና ሲታተም ስምዎን እንጻፍ?»

«ኧረ ተወው ልጄ።»

«እንጻፍ?»

«አሁን ይኼ ምን ያደርጋል!»

«እናቴ፣ ሦስተኛዬ ነው። እንጻፍ?»

ጎረቤቴ ሻሿን አስተካከለች። እኔን በጎን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን።

«ጻፈው እንግዲህ» አለች። «ግን ከእሷ ጎን ነው፤ ከሥር እንዳታደርገኝ።»