አራተኛው ፕሬንደርጋስት
በአየርላንድ የማዮ አውራጃ ገበሬ የሆነው ባርትሊ ፕሬንደርጋስት ላም እያለበ እንኳን በስሙ መኩራቱን አይተውም ነበር። «አባቶቼ አየርላንድን ሊገዙ ከኖርማን ወራሪዎች ጋር በመርከብ የመጡ፣ ጥሩር ለባሾች!» ይላል። ጎረቤቱ ፓድሪግ ሙልሮይ ታዲያ መች ይለቀዋል፤ «ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ እንግዳ! አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትሄደው?»

አሁን ባርትሊ አልጋ ይዟል። በሰፈሩ ደንብ የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከሙት የሟቹ ስም ያላቸው አራት ወንዶች ናቸው፤ ከእሱ ሌላ የቀሩት ፕሬንደርጋስቶች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ይሄ ነገር ሽማግሌውን እንቅልፍ ነሳው።

«በቃ፣ ለአንድ ቀን እኔ ፕሬንደርጋስት ልሁንልህ» አለ ፓድሪግ። «ቀብረንህ ስንመለስ ስሙን የመቃብር ቦታው በር ላይ አወልቀዋለሁ።»

የባርትሊ ዓይን እንባ አቀረረ። «በል ቀና ብለህ ቁም!» አለው። «እኛ ፕሬንደርጋስቶች አንጎብጥም።»