አልከፍልም ስላልሁ ሽማግሌ ተላከብኝ

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮዬ ከተፍ አሉ። ደነገጥሁ፤ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ!

ለካ የላካቸው ለጣና ጀልባ ጉዞዬ ማስታወቂያ የጻፈልኝ ልጅ ነው። «ገንዘቤን ከለከለችኝ» ብሎ።

አጎቱ መሪጌታ ጀመሩ፤ «ልጄ፣ የላቡን አትከልክይው።»

«እስቲ እርስዎ ያንብቡት» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ውድ ሙሽሮች! የጫጉላ ጊዜያችሁን በደሴቱ ገዳም አሳልፉ። መነኮሳቱ ማታ ማታ በጭፈራ ያዝናኗችኋል።»

ደሴቱ የወንዶች ገዳም ነው። እኔ የጀልባዋ ባለቤት እንኳ ሴት ስለሆንሁ ረግጬው አላውቅም።

መሪጌታ አማተቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጫማቸውን ያዩ ጀመር።

«አስተካክል ብዬው ነበር» አልኋቸው። «ጭፈራውን ወደ ቀን አዛወረው።»

መሪጌታ ትንሽ አሰቡና «በይ ግማሹን ክፈይው» አሉኝ።

«እንዴ አባቴ! ለዚህ ጽሑፍ?»

«ለጽሑፉስ አይደለም። ሁለተኛ እንዳይጽፍ ነው።»

ከፈልሁ።

እናንተስ ሰው እንዳይጽፍ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ። አደራ ግን፣ ለሰው ከፍላችሁ እንዳታስጽፉት።