የቶርስተንን ሱቅ የጠበቅሁ ዕለት

ወደ ጀርመን የሄድኩ ዕለት ማታ ስንብቱ የተደረገው ቤት አይደለም፤ ሱቅ ነው። አባባ የበረራዬን ቀን ሲሰማ «ቅዳሜ? ሰው በገበያ ቀን አገር ጥሎ ይሄዳል?» ብሎ ተቆጥቶ ስለነበር እኛው ወደ እሱ ሄድን። አንዋር መስጊድ ጀርባ ባለችው የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫችን ውስጥ፣ በባልዲና በሳፋ ቁልል መሃል ተጨናንቀን ቆምን። ባለቤቴ ሰሚራ ልጃችንን ኢክራምን አዝላለች። ኢክራም ያኔ ገና ዳዴ ማለት መጀመሯ ነው። ከጎናችን ፔርሙስ የሚሸጡት ጋሽ ደስታም የራሳቸውን በር ክፍት ትተው መጥተዋል።

አባባ ዱዓ ሊያደርግልኝ እጁን ዘርግቶ ገና ከመጀመሩ ለቅሶው ቀደመው። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴትዮ ብቅ ብላ «ይሄ ሳፋ ስንት ነው?» አለች። ጋሽ ደስታ ከመሃላችን ወጡ፣ ሳፋውን አወረዱ፣ ተከራከሩ፣ ሸጡ፣ ብሩን አባባ ኪስ ውስጥ ከተው ተመለሱና «አሜን» አሉ። መርካቶ ላደገ ሰው ይሄ የሚገርም ነገር አይደለም። አባባ ለጁምዓ ሲሄድ ጋሽ ደስታ ይሸጡለታል፤ እሳቸው ለንግሥ ሲሄዱ አባባ ይሸጥላቸዋል። ማንም ማንንም «ጠብቅልኝ» አይልም። የጎረቤቱን ገዢ «ባለቤቱ የለም» ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ሰፈር ውስጥ ሰላም የሚለው ሰው አያገኝም።

ታክሲው ጋ ስንደርስ ሰሚራን «ስድስት ወር ብቻ ታገሺኝ፤ ከዚያ ሦስታችንም እዚያ ነን» አልኳት።

«ስድስት ወር እኮ ምንም አይደለም» አለችኝ። እንዲህ እያለች ግን እጄን አልለቀቀችም።

ሥራዬ ዴቭኦፕስ ይባላል። ብዙዎቻችሁ ምንድን ነው እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ላስረዳ። ፕሮግራም የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የጻፉት ነገር ሰርቨር ላይ ወጥቶ ቀን ከሌት ሳይወድቅ እንዲሠራ የማደርግ ሰው ነኝ። አባባ ሲጠየቅ «ዘበኛ ነው፤ የኮምፒውተር ዘበኛ» ይላል፣ ከዚህ የተሻለ ትርጉም እኔም አላገኘሁለትም። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር የወደቀውን ሁሉ ማንሳት የዘወትር ሥራዬ ነበር። ጀርመኖቹ በስካይፕ ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉልኝም መብራት ሄደ። በስልኬ ተመልሼ ገብቼ ይቅርታ ስጠይቅ ደነገጡ። «አሁን ታዲያ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። «እንቀጥል» አልኳቸው። በኋላ እንደሰማሁት የቀጠሩኝ ለዚህች መልስ ነው።

የቀጠረኝ ሃምቡርግ ያለ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። የሃምቡርግ ዝናብ እንደኛ ክረምት አጉረምርሞ፣ ወርዶ፣ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያለቃቅሳል። አትክልት ተራ ቲማቲም ከመኪና ሲራገፍ ያየ ሰው፣ እዚህ ሁለት ቲማቲም በላስቲክ ተጠቅልላ ስትሸጥ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼን «እንብላ» ስላቸው ቀና ብለው ያዩኝና «አይ፣ የራሴን ይዣለሁ» ይሉኛል። ክፉ ሆነው እንዳይመስላችሁ። ዳቦ ያልያዙ መስሎኝ የጠየቅኋቸው መስሏቸው ነው።

የተከራየሁት ጣሪያ ሥር ያለች አንድ ክፍል ነው። አከራዬ ሄር ፎግት፣ አቶ ፎግት እንደማለት ነው፣ ገና በሳምንቴ በር አንኳኳ።

«ሽንኩርት ትጠብሳለህ» አለኝ።

«አዎ።»

«በየቀኑ?»

«ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንማ።»

«ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የጸጥታ ሰዓት ነው።»

«ሽንኩርት እኮ አይጮህም።»

«ያንተው ይጮኻል» ብሎኝ ወረደ።

ምድር ቤት ሁለት ክፍል ያለው ቤት ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ለባለቤቴና ለልጄ ብዬ ስጠይቀው «ፕሮቤጻይትህ ሲያልቅ እንነጋገራለን» አለ። ፕሮቤጻይት የሙከራ ጊዜ ማለት ነው፤ ስድስት ወር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጣሪህ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያሰናብትህ ይችላል። ወደ ስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ፣ ተርሚን ይሉታል፣ ከአውቶቡስ ተራ የበዓል ዋዜማ ትኬት ይብሳል። መነጽር ያደረገች ሴትዮ ፋይሌን ገለጠች።

«ሚስትህና ልጅህ የት ነው የሚኖሩት?»

«እኔ ጋ።»

«አንድ ክፍል ለሦስት ሰው አይፈቀድም።»

«ሁለት ክፍል አለ። አከራዬ የሙከራ ጊዜህ ይለቅ ብሎኝ ነው።»

«እንግዲያው የሙከራ ጊዜህ ሲያልቅ ና።»

«እስከዚያ ልጄ መራመድ ትጀምራለች እኮ!»

«በጣም ጥሩ» አለችኝ ከልቧ። «የቢሯችንን ደረጃ ራሷ ትወጣዋለቻ።»

እንግዲህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያች የሙከራ ጊዜ ላይ ነበር። እየጾምኩ ሠራሁ ብል እመኑኝ። የኢንፍራስትራክቸር ቡድን ይባላል የእኛ ቡድን። በየሳምንቱ አንድ ሰው ተረኛ ይሆናል፤ ሰርቨር ሲታመም የተረኛው ስልክ ይጮኻል፣ እሱ ገብቶ ያክማል። አለቃችን ፍራው ክራመር ትባላለች፤ ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ደግሞ ቶርስተን ነው፤ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ቶርስተን ኬክ ይዞ መጣ። የልጁ ልደት በማግስቱ ነው። ፎቶዋን ሲያሳየኝ ኢክራም ታወሰችኝ። በዚያ ሰሞን አገር ቤት ኢንተርኔት ተዘግቶ ልጄን በቪዲዮ ካየኋት ሰንብቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ የማየው ሰው ስላልነበረኝ የሥራ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቀይ ማንቂያ ብቅ አለ። የደንበኞች የካሣ ጥያቄ የሚቀመጥበት ሰርቨር ዲስኩ ሊሞላ ነው። ከሞላ ደግሞ ይወድቃል።

ተረኛው ቶርስተን ነው። ጠበቅሁ፤ አልመለሰም። ሻማ እያስጠፋ ነው ብዬ አሰብኩ። ልደውልለት ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ፤ ሰውን ከልጁ ልደት ላይ እንዴት ትጠራዋለህ? ገዢ በር ላይ ቆሟል፣ ጎረቤቴ የለም፣ እኔ አለሁ። ይኼው ነው። ገባሁና የማይፈለጉ አሮጌ ፋይሎችን አጸዳሁ፣ ዲስኩ ተነፈሰ፣ ማንቂያው ጠፋ። የገባሁትም በራሴ ስም አይደለም። ማሽኖቹ ለራሳቸው ሥራ የሚጠቀሙበት የጋራ ቁልፍ፣ የይለፍ ቃል ማለቴ ነው፣ አለ፤ በእሱ ገባሁ። በስሜ ብገባ ሰኞ ዕለት «ተረኛው የት ነበር?» ተብሎ ቶርስተን እንዳይታማ ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የተወራ ውለታ ውለታ አይደለም። እሑድን ስልኬን ዘግቼ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም።

ለካስ ቶርስተን እንግዶቹን ሸኝቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ አንድ የማይታወቅ ሰው፣ ከማይታወቅ ቤት፣ በማሽን ቁልፍ ገብቶ ፋይል አጥፍቶ ወጥቷል። ሌባ! ሕጋቸው እንደሚያዘው ለድርጅቱ የኮምፒውተር ደህንነት ክፍል አሳወቀ። እነሱም የድርጅቱን ሰርቨሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረቀሟቸው። ሰኞ ጠዋት መኪናው የተጋጨበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ ቢደውል የሚያስተናግደው ጠፋ።

እኔ ስደርስ ስብሰባ ተጀምሯል። የደህንነቱ ሰው የሌባውን ሥራ ግድግዳው ላይ አብርቶ ያሳያል። አየሁት፤ የእኔ እጅ ነው። እጄን አወጣሁ። ያወጣሁት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ፈገግ ብዬ ነው። ሌባ ባለመሆኑ ሁሉም እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ፍራው ክራመር ብዕሯን አስቀመጠች። «ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«ተረኛ ነበርክ?»

«አይደለሁም። ቶርስተን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገባህ?»

«የልጁ ልደት ነበር።»

አንዱ ሳል መጣበት። ፍራው ክራመር የሰማችውን ለማረጋገጥ ያህል «የልጁ ልደት ስለነበር ስምህን ደብቀህ ሰርቨር ውስጥ ገባህ» አለች። እንዲህ ተብሎ ሲነገር እኔንም ሌባ ሌባ ሸተተኝ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሱቅ፣ ስለ ጁምዓ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ተኮላተፈ። የደህንነቱ ሰው በመሃል «ይህ ሱቅ የማን ነው? የድርጅታችን ደንበኛ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከስብሰባው በኋላ ቶርስተን ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ፊቱ ቀልቷል።

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«እንዳልረብሽህ ብዬ።»

«እኔ እኮ ለመረበሽ ነው የሚከፈለኝ! ልጆቹ ሲንጫጩ ማንቂያውን ሳልሰማው ቀርቼ እንጂ በእጄ ነበር ስልኩ፤ ትንሽ ቆይቼ እገባ ነበር።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳታዝንብኝ፣ ልጄን ከዚህ ነገር ውስጥ ባታስገባት ጥሩ ነበር» አለኝ። ከሁሉም የቆረጠኝ ይሄ ነው። ጋሽ ደስታ ሳፋውን የሸጡ ዕለት አባባ «ማን ንካ አለህ?» ቢላቸው ኖሮ ምን ይሰማቸው ነበር?

በሳምንቱ ፍራው ክራመር ጠራችኝ። «በሥራህ ጎበዝ ነህ» አለች። «ግን ፌርትራወን ያስፈልጋል።» ፌርትራወን መተማመን ነው። አገሬ ላይ መተማመን ማለት ሳይጠይቁህ መሥራት ነው፤ እዚህ ካልተጠየቅህ አለመንካት ነው። የሙከራ ጊዜ ነውና ስታሰናብተኝ ምክንያት እንኳ መስጠት አልነበረባትም፤ እሷ ግን ሰጠችኝ፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

አሁን ሌላ ሥራ የምፈልግበት ጥቂት ጊዜ አለኝ፤ ካላገኘሁ መኖሪያ ፈቃዴ ይሰረዛል። ባገኝም ሌላ ፕሮቤጻይት ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ተርሚን፣ ከዚያ ያቺ ባለመነጽር። ምድር ቤት ያለውን ቤት ሄር ፎግት ለሁለት ተማሪዎች አከራየው። ሽንኩርት መጥበስ ትቻለሁ። ወደ አገር ልመለስ ብል፣ አባባ በገበያ ቀን ሱቁ ውስጥ አልቅሶ የላከኝ ልጁ ነኝ፤ በየት በኩል እገባለሁ? ወላሂ፣ ጨንቆኛል። ስደት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አገር ያላችሁ ደግሞ «ጀርመን ሆኖ ምን ይጨንቀዋል» እንደምትሉ እኔም አውቃለሁ።

ትናንት ለሰሚራ ልነግራት ቆርጬ ደወልኩ። ስታነሳው ከኋላዋ ሁካታ ይሰማል።

«ነስሩ! ጫማ ተራ ነኝ» አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ለኢክራም ቦት እየገዛሁላት ነው። ውስጡ ጠጉር ያለው አገኘሁ። ለብርዱ ይሆናል አይደል? ያው ደርሶ የለ እንዴ መምጫችን። ሃያ ሁለት ልክ ሆናታል፣ ልውሰደው?»

«ከፍ አድርጊው» አልኳት።

«ሃያ ሦስት? እሺ፣ በካልሲ ታደርገዋለች።»

«ከፍ አድርጊው፣ ሰሚ።»

«ሃያ አራት? ይወልቅባታል እኮ፣ አሁን መራመድ የጀመረች ልጅ።»

«ከዚያም ከፍ አድርጊው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ሁካታው አልቆመም፤ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ፣ ኢክራም የሆነ ነገር ስትል፣ ጫማ ሻጩ ሲጠይቅ ይሰማኛል። «እህቴ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ልስጥሽ?» ይላል።

«ነስሩ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ስንት ዓመት ልበለው?»