የእትዬ ቢራ አረፋ

አረፋው ቆመ! እሰይ! ቆመ ስላችሁ ብልጭ ብሎ ድርግም ማለቱን አይደለም። ጠጪው ጨልጦ ሲጨርስ እንኳ ብርጭቆው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ልቤ ቅቤ ጠጣ!

የማን አረፋ? የእትዬ ነዋ! የታላቅ እህቴ።

እትዬ የሰው አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። የምትሠራበት ላውንደሪ ተዘግቶ ማሽኖቹ ሲሸጡ፣ ሁላችንም «በቃ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ» አልናት። እሷ ግን ባዶውን ቤት ተከራየችና «ቢራ ልጠምቅበት ነው» ብላ ቁጭ። ወንድማችን በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«አንተ ቢራ ስትጠጣ የጠማቂውን ዕድሜ ጠይቀህ ነው?» አለችው። እትዬን የነካ ይሄው ነው።

ሽርኮቿ ሁለት ናቸው፤ ጎረቤቷ ቧንቧ ሠሪውና የመንገዱ ማዶ ዳቦ ጋጋሪ። ቧንቧ ሠሪው ቢራው የሚብላላበትን ማፍያና ቱቦውን ያዘ፣ ጋጋሪው ብቅሉንና እርሾውን፣ እትዬ ደግሞ ጽዳቱን። ሦስቱም ግትሮች ስለሆኑ ገና ሳይጀምሩ እንዳይጣሉ ፈርተው አንድ ሕግ አወጡ፦ ማንም በማንም ሥራ እጁን አያስገባም። አስተያየት እንኳ ክልክል ነው። እኔ «እንዴት ያለ ጨዋ ሽርክና!» ብዬ አድንቄ ነበር። ጉዳቸውን ያመጣው ግን ይኸው ጨዋነት ነው።

የመጀመሪያው ጠመቃ እንደደረሰ፣ ጥግ ላይ ያለው ባለ መጠጥ ቤት «ከወደድኩት አንዱን የድራፍት መቅጃ ለእናንተ እለቃለሁ» ስላላቸው አንድ በርሜል ይዘው ሄዱ። እኔም ተከትያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያመልጠኛል? ሰውዬው ቀዳ። ቢራው ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ እንደ ሻይ ጸጥ አለ። ቢያዘነብለው ቢያነቃንቀው፣ አረፋ የሚባል የለም። ከዚያ አሸተተውና፣ ጠጪዎቹ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣ እትዬን ጠየቃት።

«እመቤት፣ ልጠጣው ወይስ አንሶላ ልዘፍዝፍበት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ቀጠለና ሽርኮቿን ለብቻ ጠርቶ፣ ግን እሷ እየሰማች፣ «እናንተ ሙያ አላችሁ። ማፍያችሁን ወደ ጓሮዬ አምጡና ከኔ ጋር ሥሩ። እሷ ቤቷ ትረፍ» አላቸው። ይባስ ብሎ ሁለቱም ወዲያው እምቢ አላሉም! መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት።

እትዬ በርሜሉን ራሷ እያንከባለለች ወጣች። «እኔ የመሠረትኩትን ቤት ለቅቄ ልወጣ? ሞኛችሁን ፈልጉ!»

በማግስቱ ጋጋሪው እርሾው ላይ፣ ቧንቧ ሠሪው ቱቦው ላይ አፍጥጠው ዋሉ። እትዬ ግን ቢራው በርሜል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከማፍያው በሙቅ ውሃ ብቻ ወደታጠበ ጠርሙስ ቀዳችና ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው። አረፋው ቱግ ብሎ እጇ ላይ ፈሰሰ። ስለዚህ ቢራው ጤነኛ ነው፤ የታመመው በርሜሉ ነው ማለት ነው። በርሜሉን የምታጥበው ደግሞ ማን ሆነና!

ለካ እትዬ በርሜሎቹን በሳሙና ካጠበች በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አንሶላ በሚለሰልስበት ባለ ሽቶ ማለስለሻ ስታለቀልቃቸው ኖራለች። ያን ካላደረገች የታጠበ አይመስላትም። የማለስለሻው ቅባት ደግሞ የአረፋ ጠላት ነው። ሽርኮቿ ሽታውን ቢያሸቱም በሕጋቸው መሠረት አፋቸውን ይዘው ነበር!

ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን ሁለቱንም ጠርታ ፊታቸው ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ያገኘሁትም እኔው ነኝ። አሁን የሚያስወጣኝ ወንድ ይምጣ!»

ቧንቧ ሠሪው ጆሮውን አከከ። «እኔ እንኳ ሽቶው የጋጋሪው ፈጠራ መስሎኝ ነበር።»

«የኔ? ዳቦዬ ሽቶ ሸትቶ ያውቃል?» አለ ጋጋሪው፣ ከዚያ ሦስቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሕጉን ያን ቀን ሻሩት። አሁን ሁሉም በሁሉም ሥራ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ቢራውም አምሮበታል።

እልህ ምላጭ ያስውጣል አይደል የሚባለው? እትዬ ወደ መጠጥ ቤቱ ሄዳ ደጅ አልጠናችም። ዛሬ ከሰዓት የላውንደሪውን መቀበያ መስኮት ብርግድ አድርጋ ከፈተችና ወደ መንገዱ መቅዳት ጀመረች። ከሥራ የሚወጣው ሰው ቆመ። አንዱ ቀመሰና ሌላውን ጠራ። የባለ መጠጥ ቤቱ ጠጪዎች ሳይቀሩ፣ ያኔ የሳቁብን፣ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ መጥተው ተደረደሩ! ሰውዬው ራሱ መጣና ከፊት ሊገባ ሞከረ። ዛሬ እትዬ «እርስዎ» ሆናለች።

«ያ መቅጃ እኮ አሁንም የእርስዎ ነው፤ ማፍያውም እዚሁ ይሁን፣ ሽርኮችዎንም አልነካም።»

«ሰልፍ አለ፣ አባቴ» አለችው ቀና ሳትል። «ከኋላ ያዝ። ተራህ ሲደርስ እንነጋገራለን፤ ሦስታችንም ባለንበት።»

ያዘ! በእግዜር፣ ሰልፉን ያዘ! እኔ ስወጣ ገና አጋማሹ ላይ ነበር። የቀረውን ቆሜ ባየው ደስ ባለኝ፣ ግን ወንድማችን ይህን ከኔ በፊት ከሌላ ሰው ከሰማ አልሞትም ወይ? ስልኩን አያነሳም፣ ቤቱ ድረስ ልሂድ እንጂ። ነጠላ ጫማዬ የት ገባ፤ በቃ፣ ሄድኩ!