የሚያድገው ዩኒፎርም

ሲኒማ ራስ አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሴት ቀጠርኩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በዕድሜ ታላቅ እህቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። እጃቸው ፈጣን ነው። ነሐሴ ተጋምሶ የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ ሲበዛ ግን የስፌት መኪናውን ትተው ደንበኛ ደንበኛውን ያዩ ጀመር።

“እትዬ፣ ሥራው ተቆልሏል እኮ! ምን እያዩ ነው?” አልኳቸው።

“ያቺን ልጅ ተመልከታት።”

እናቷ ለሦስት ዓመት ይብቃት ብላ ያሰፋችላት ጉርድ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወርዶ፣ ልጅቷ በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛዋለች።

“እናትየዋ አልተሳሳተችም፤ ልጅ ያድጋል” አሉኝ። “ጥፋቱ የኛ የሰፊዎቹ ነው።”

ነገሩ አልገባኝም። ሰፋ አርገህ ስፋልኝ ያለኝን ሰፋ አርጌ እሰፋለሁ፣ በቃ።

በማግስቱ አንድ ጉርድ ሰፍተው አሳዩኝ። ቁመቱ ለልጅቷ ልክ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ከውስጥ አንድ ስንዝር ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ወገቡም እንዲሁ ትርፍ አለው። ልጅቷ ስታድግ እናት ክሩን መዘዝ አድርጋ ማውረድ ነው። እናቶች እየተጠራሩ መጡ።

በዓመቱ ግን አንዷ ተቆጥታ ገባች። “እስቲ እዩት ይሄን!” እጥፋቱን ስትፈታው፣ ፀሐይና ሳሙና ያልነካው ጨርቅ ከላይኛው ጠቁሮ፣ መሀሉ ላይ የድሮው መታጠፊያ ተሰምሯል። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

“እሰይ፣ እንኳን መጡ! እርስዎ ባይነግሩኝ በምን አውቀው ነበር?”

ሴትዮዋን አስቀምጠው፣ መስመሩ ላይ ነጭ ጥብጣብ ሰፉበት። የጠቆረው ጨርቅ ሆን ተብሎ የገባ ጠርዝ መሰለ። እናትየዋ ጉርዱን አገላብጣ አይታ ሳቀች።

“ይሄማ ከአዲሱም ያምራል!”

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ሰፊዎች ሁሉ ቀዱት። እኔ ተንገበገብኩ።

“ተዋቸው፣ ይስፉት” አሉኝ። “ልጆቹ ከተመቻቸው ምን ቸገረን? ይልቅ የወንዶቹ ኪስ ሁልጊዜ የሚቀደደው ከላይ ከማዕዘኑ ነው፤ ልብ ብለሃል?”

የሰፋሁት ኪስ ስፍር ቁጥር የለውም። ያንን ግን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የኪሱን ማዕዘን በድርብ ክር እንሰፋ ጀመር።