ፋንታ የሠራልኝ በር

ባለቤቴ ፋንታ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ቢቸና ውስጥ እንጨት እየሰነጠቀ ነው የኖረው፤ ሰው አይጣላም፣ ሰው አያማም። ብቻ ከበላዩ የሆነ ሰው አንዴ ከተናገረው አለቀ! ቀበሌ «ና» ካለው የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሳል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ለምን ብለህ ጠይቅ እንጂ!» እለው ነበር። ይስቃል። «አንቺ ትጠይቂልኛለሽ» ይለኛል።

በደብራችን ግቢ አንድ ትልቅ ጽድ ነበር። አስከሬን ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ጥላው ሥር ያርፋል፤ እናቴም አባቴም እዚያ አርፈው ነው የተሸኙት። ቅርንጫፉን እንኳ የሚነካ አልነበረም። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቄስ ስጦታው ቤታችን መጡ። ጠላ ቀዳሁላቸው።

«ፋንታ፣ ለቤተልሔሙ በር እንጨት ያስፈልጋል። ጽዱን ጣለው፤ ሰበካ ጉባኤው ተስማምቷል» አሉት።

«ሕዝቡስ ሰምቷል ወይ፣ አባ?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ደግሞ!» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ። ፋንታ በማግስቱ መጋዙን ይዞ ሄደ።

ለካ ሰበካ ጉባኤው የሚያውቀው ነገር የለም! አገር ተንጫጫ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጉቶውን ከቦ ቆመ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ሰማው ተነሡ።

«ይህን ያስደረገ ሰው ከዕድር ይወጣል፤ ቢሞትም የሚቀብረው የለም። ፋንታ፣ ማን አዘዘህ?» አሉ።

ፋንታ ቄስ ስጦታውን አያቸው። እሳቸው መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። የንስሐ አባትን በሰው ፊት ማሳጣት በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እንደጨነቀው ገባኝ። እሱ ካልደፈረ እኔ እናገራለሁ ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አልኩ። ለሱ ብዬ! ይኸን ጊዜ አየኝና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እሷ ናት። የቤታችን በር ዝናብ ያስገባል እያለች ጨቅጭቃኝ ነው» አለ።

ክረምቱን ሙሉ ስለ በሩ ጨቅጭቄዋለሁ፣ እውነት ነው። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ ምን ብዬ ላስተባብል? አፌ ተሳሰረ፤ እኔ ይርጋነሽ፣ አፌ ተሳሰረ! ቄስ ስጦታው ያኔ ቀና አሉ። «ሚስቱን ሰምቶ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረግ» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ። ለሱ ስግደት ታዘዘለት። እኔ ከዕድር ወጣሁ።

ጎረቤቴ ወለተ ሥላሴ እናቷ ሲሞቱባት ንፍሮ ቀቅዬ ብሄድ፣ «ይቅርብሽ» ብላ ከደጅ መለሰችኝ። አብረን ያደግን ሰዎች ነን እኮ! እያለቀስኩ ለፋንታ ነገርኩት።

«ይረሱታል። አንቺ ትችይዋለሽ፤ እኔ ግን አልችለውም ነበር» አለኝ።

ልብሴን ሰብስቤ ሞጣ እህቴ ቤት ገባሁ።

ባለፈው ሰሞን ፋንታ ሞጣ ድረስ መጣ። ከስቷል። አላሳዘነኝም ብል ውሸት ነው።

«አባ ይቅር ብለውሻል። ዕድሩም ይመልስሻል። ነይ፣ ወደ ቤታችን እንግባ» አለኝ።

«ምን አድርጌ ነው ይቅር ያሉኝ?»

ጥያቄዬን እንዳልሰማ አለፈውና ፊቱ ፈካ።

«ደግሞ ከጽዱ የተረፈው ሳንቃ ተሰጠኝ። የቤታችንን በር ሠራሁልሽ። አሁን ጠብታ አያስገባም።»

ምስኪን፣ ደስ ይላታል ብሎ እኮ ነው! አላፊ አግዳሚው በሩን እያየ «ይኸው፣ ሴትዮዋ ጽዱን ያስቆረጠችበት» ሲል ታየኝ። ከእንግዲህ ብምል ብገዘት ማን ያምነኛል?

«ፋንታ፣ ይህን በር ሥራ ብሎ ያዘዘህ ማነው?» አልኩት።

«አባ ናቸው» አለኝ። ያን እሑድ ጉቶው ዘንድ ያቃተው ቃል፣ ሰው በሌለበት ሳይደናቀፍ ወጣለት።