የአዴር እጅና የጂፗ መሪ

መኪና በምን ምክንያት እንደሚንቀጠቀጥ በድምፅ ብልጫ ለመወሰን ሲሞከር ያየሁ ሰው ነኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ከተማው ድሬዳዋ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን የተማርኩት ከባቡር ሠራተኛው አባቴ ሥር ሆኜ ስለሆነ በእጄ እመካ ነበር፤ ትንሽ ሳይሆን ብዙ። መሥሪያ ቤቱ ከንጉሡ ዘመን የተረፈች አንዲት ጂፕ ነበረችው። ፍጥነቷ ሃምሳ ደርሶ የፊት ጎማዋ አንዲት ጠጠር ከነካች፣ መሪዋ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። የተሳፋሪው ጥርስ ይንገጫገጫል፣ በሩ ራሱን ይከፍታል፣ ወንበር ሥር የተረሳ ሁሉ ይወጣል። እግርን ከነዳጁ ላይ አንሥቶ እስክትረጋ ከመጠበቅ በቀር መላ አልነበረውም።

ሾፌሯ የመጋላ ሰፈር ሰው፣ ሶማሌ ሽማግሌ ነበር። አንቱ ስለው "እኔ አንድ ሰው ነኝ አቦ" ብሎ ስለተቆጣኝ አንተ እንዳልኩት ቀረሁ። ስጠራው ግን አዴር እለዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። እሱም መልሶ እኔን አዴር ይለኛል፤ በነሱ ወግ አጎትም የወንድሙን ልጅ የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁለት አዴር ነበርን፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎረምሳ።

የአዴር እጅ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲቀርብለት ግማሹን የሚጠጣው ሳህኑ ነበር። እኛም ጂፗ አስለምዳው ነው እያልን እንስቃለን፣ እሱም አብሮን ይስቃል። የሚገርመው ግን፣ በሌላ ሾፌር እጅ የምታብደው ጂፕ በሱ እጅ ጭምት ነበረች። ጠጠሩን ከሩቅ ያየዋል፣ እግሩን ቀድሞ ያነሣል፣ ከአርባ አምስት በላይ አይነዳም።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከቢዮ አዋሌ ሲመለስ፣ ለስብሰባ እንዳይዘገይ ብሎ ንዳ ንዳ እያለ አዴርን አጣደፈው። ጂፗ ሃምሳን አለፈችና አበደች። የኃላፊው ግንባር ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ፣ ሎሚ የሚያህል እብጠት ይዞ ስብሰባ ገባ።

ኃላፊው የውይይት ክበባችን ሊቀመንበርም ነበርና፣ በማግስቱ ዓርብ የውይይቱ ርዕስ ጂፗ ሆነች። መንቀጥቀጡ ከመኪናዋ ነው ወይስ ከሾፌሩ? ኃላፊው ፍጥነቷ ከአርባ ዘጠኝ ወደ ሃምሳ ሲሻገር መጠናዊ ለውጥ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ እንደሚሸጋገር አብራራ። ታይፒስቷ እንግዲያው አርባ አምስት ላይ ብንተዋትስ ብላ ጠየቀች። ይህ ጥገናዊ ለውጥ ነው፣ አብዮተኛ በአርባ አምስት አይረካም ተብላ ሂስ ተደረገባት። እኔም መኪናዋ ጥገና ያስፈልጋታል ለማለት ያነሣሁትን እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ። ከዚያ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ተነሥቶ የአዴርን ሻይና ሳህን ለጉባኤው አነሣ። ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኝ ሰው ከመኪናዋ ነው አለ፣ ዘጠኝ ሰው ከሾፌሩ ነው አለ፤ ዘበኛው እንቅልፍ ላይ ስለነበር ድምፀ ተዓቅቦ ተብሎ ተመዘገበ።

በመጨረሻ አንድ ውሳኔ ላይ ተደረሰ። መካኒኩ በአንድ ሳምንት ውስጥ መኪናዋን ይጠግናል፤ በሚመጣው ዓርብ ኮሚቴ ተሳፍሮ ይፈትናታል፤ ከዚያ በኋላም ከተንቀጠቀጠች ጥፋቱ የሾፌሩ ስለሆነ ከሥራ ይሰናበታል። አዴር ጡረታው ሊከበርለት ስምንት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ከዚያ በፊት ከተሰናበተ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፣ መጋላ ያለው ቤቱ ደግሞ እሱን የሚጠብቅ አፍ ሞልቶበታል።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ጥፋቱ የመኪናዋ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እጄንም አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ጂፗን በክሪክ አነሣኋት። አዴር ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየኛል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው እንደ ልጅ ጥርስ ተወዛወዘ። ኩሽኔታውን አየሁ፣ ደህና ነው። የባሌስትራውን ቡሎኖች አጠበቅኩ፣ ለውጥ የለም። ረቡዕ ዕለት ነው ጉዱን ያገኘሁት። ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ ክዳን ሥር፣ ልኩን የሚወስኑ ስስ ቆርቆሮዎች ተደራርበው ይቀመጣሉ። ከኔ በፊት የነበረው መካኒክ በተንቀጠቀጠች ቁጥር አንድ ሲጨምር ኖሯል። ቆርቆሮው በበዛ ቁጥር ግን ምሰሶው ይላላል፤ መድኃኒቱ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበር። ከቀኝ ሁለት፣ ከግራ ሁለት አወጣሁና ክዳኑን አጥብቄ አሰርኩ። መሪው ላይ የነበረውንም ልቅነት፣ ሩብ ዙር ያህል በከንቱ ይዞር የነበረውን፣ ጠምዝዤ አጠፋሁት።

አዴር ሲያየኝ ቆይቶ፣ ብዙ አታጥብቃት፣ ትንሽ ትተንፍስ አለኝ። የጫት ወግ መስሎኝ ሳቅኩ።

በቀትር፣ ከተማው ሲተኛ፣ ወደ ሳቢያን መንገድ ይዣት ወጣሁ። አዴር ጎኔ ተቀምጧል። ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፤ ዝም። ድንጋይ እየፈለግሁ ሄድኩባት፣ አሁንም ዝም። ሁለት እጄን ከመሪው ለቅቄ ለራሴ አጨበጨብኩ። ሳሩን አየሁ እንጂ ገደሉን አላየሁም። ከዚያ ቦታ ተለዋወጥንና አዴር መሪውን ያዘ።

ሠላሳ እንኳ ሳንደርስ የጂፗ አፍንጫ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ሥራዬ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ጎማው አጎነበስኩ። ቀና ስል እጁን አየሁት። ያ ያጠፋሁት ልቅነት ለዓመታት የሱን መንቀጥቀጥ ሲውጥለት ኖሯል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ መሪው በከንቱ ይወዛወዛል እንጂ ወደ ጎማው አይደርስም ነበር። አሁን ግን መሪውና ጎማው አንድ ሆነዋል፣ እያንዳንዷ ንዝረት መንገድ ላይ ትታያለች። አዴር ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ከመሪው ላይ አላነሣም።

"እሷ ስትንቀጠቀጥ እኔን ማን ያየኝ ነበር፣ አዴር?" አለኝ።

በሽታው ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው። በሽታ መሆኑን ከሚስቱ በቀር የነገረው ሰው አልነበረም፤ ስለ ጂፗ ስንቀልድ አብሮን የሚስቀውም ለዚህ ነበር። አፈርኩ። በእጄ የምመካው ሰው እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ማንም ሳያየኝ ጂፗ ሥር ገባሁ። አራቱን ቆርቆሮዎች ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ መሪውንም አላላሁት። እሷ ካልተንቀጠቀጠች ሰው ሁሉ የሚያየው የሱን እጅ ነው፤ በአርባ አምስት ከነዳት ደግሞ ፈተናውን እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ያጠበቀውን መልሶ የሚያላላ መካኒክ ከሌባ አይለይም፤ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰው ትገድልብኝ ይሆን ብዬም ፈራሁ፣ ፈርቼም አላላሁት። ዛሬም ትክክል ሠራሁ ብዬ አልከራከርም።

ዓርብ ኃላፊው፣ ታይፒስቷ ከነማስታወሻ ደብተሯ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ አዴርና እኔ ተሳፈርን። ኃላፊው ለጥንቃቄ ብሎ፣ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ ያለው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ይንዳ አለ። ይህን አላሰብኩም ነበር። ሰውየው ሊታይ ፈልጎ ገና ደቻቱ ወንዝ ዳር እንደደረስን ረገጣት። ሃምሳ ላይ መሪው ከእጁ አመለጠ፣ ጂፗ ከመንገድ ወጥታ አሸዋው ውስጥ ተቀረቀረች። ማንም አልተጎዳም፤ የኃላፊው ግንባር ብቻ በሌላው ወገን አበጠና ሁለቱ ጎን እኩል ሆነ።

ገፍተን አወጣናት፣ አዴር መሪውን ያዘ። በአርባ አምስት እንደ ውሃ ወሰደን፤ ታይፒስቷ መንገድ ላይ ሳለን ቃለ ጉባኤውን በሚነበብ ጽሕፈት ጻፈች። ኃላፊው የአዴርን እጅ አየ፣ ይንቀጠቀጣል። መሪውን አየ፣ ይወዛወዛል። መንገዱን አየ፣ ቀጥ ብለን እንሄዳለን። ከዚያ ፊቱ በራ። ይህ የተቃራኒዎች አንድነት ነው አለ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰውና የምትንቀጠቀጥ መኪና ሲገናኙ እርጋታ ይወለዳል። ስለዚህ ግቢ ተመልሰን ስንሰበሰብ፣ ጂፗ ከአዴር በቀር ለማንም እንዳትሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዘበኛው እንኳ ነቅቶ እጁን አወጣ።

የቀረው ጥፋተኛ እኔ ነበርኩ። ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። መኪናዋን እንደሚገባ አላጠበቅኳትም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ።

ስምንቱ ወር አለፈ። አዴር ጡረታው ተከብሮለት የወጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አራቱን ቆርቆሮዎች መልሼ አወጣኋቸው፣ መሪውንም አጠበቅኩት፤ ሥራው ለሁለተኛ ጊዜ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ጂፗ ከዚያ ወዲያ በማንም እጅ አልተንቀጠቀጠችም። ስምንት ወር ሙሉ ሳይታክት አጥንቶ ችግሩን ፈታ ተብዬ ኮከብ ሠራተኛ ሆንኩ።

የምስክር ወረቀቱን ይዤ መጋላ ሄድኩ፣ አብረን እንድንስቅ። ሻይ አስመጣልኝ። ወረቀቱን ሳነብለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ሻዩም ሽርጡ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እጁን ዘረጋልኝ። ካለፈው ብሶበት ነበር።

"ከዚህስ ስንት ቆርቆሮ ታወጣለህ፣ አዴር?" አለኝ።

ብርጭቆውን ያዝኩለትና ጠጣ።